ያልቆሸሸው የጠረጴዛ ልብስ

የበዓሉ ምሳ ሊጋመስ ነው፣ የጠረጴዛው ልብስ ግን ጠብታ እንኳ አልነካውም። ልብስ ሰፊዋ እናት ይህ ነገር አላማራትም። በየበዓሉ አንድ ነገር ሳይደፋ የማይነሳው ባሏ ነበር፤ እሷም አልለቅ ያላትን እድፍ ዙሪያውን በቀይ ክር ትሰፋና ዓመተ ምሕረቱን ከጎኑ ትጠልፍበት ነበር። ሃያ ስድስቱም ቀያይ ክቦች እሱ በሚቀመጥበት በኩል ተደርድረዋል። ዘንድሮ ወንበሩ ባዶ ነበር። ልጆቿም እናታቸውን እንዳያስከፉ፣ ብርጭቋቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ በሽተኛ የተኛበት ቤት የገቡ ይመስል በሹክሹክታ ያወሩ ነበር።

እናት አንድ በአንድ አየቻቸው። አሰበችበት። ከዚያ የጭማቂ ብርጭቋዋን አንስታ እጇን ወደ ባዶው ወንበር ዘረጋችና ቀስ ብላ ደፋችው።

«ውይ እማዬ!» ትልቋ ልጇ መጥረጊያ ጨርቅ ይዛ ብድግ አለች፤ የእናቷን ፊት ስታይ ግን ቀጥ አለች። «ሆን ብለሽ ነው!»

«ምን ላድርግ ልጄ፣ የአባትሽ አመል ተጋብቶብኝ ነው።»

ወንዱ ልጇ ሳቁ አመለጠው፤ ገበታው በሙሉ ተከተለው፤ ቤቱም የድሮ ጫጫታው ተመለሰለት። ትልቋ ልጅ ማንም ሳያዛት መርፌና ቀይ ክር ይዛ መጣች።

«ጠበብ አድርገሽ ስፊው» አለቻት እናት። «ለከርሞም ቦታ ያስፈልገናል።»