ውኃው እስኪለምድ

ከዓሦቹ ገንዳ በቀዳሁት ውኃ ላይ የመመርመሪያውን ጠብታ ጨምሬ ብልቃጡን በአውራ ጣቴ ደፍኜ እነቀንቃለሁ። ቢጫ ሆኖ ከቀረ ውኃው ደህና ነው። ትንሽ ይቆይና አረንጓዴ ይሆናል፤ ከትናንቱ የጠቆረ አረንጓዴ።

ትናንት ግማሹን ውኃ ቀይሬ ነበር። የሞተውንም ዓሣ በማንኪያ አውጥቼ፣ እናቴ ሳታይ አበባው ሥር ቀብሬዋለሁ። የቀሩት ከገንዳው አናት ተሰብስበው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ።

አባቴ ከሶፋው ላይ አንገቱን ያሰግጋል። «እህስ?»

«ብሶበታል።»

«አልቀየርሽም እንዴ?»

«ቀይሬያለሁ አባዬ። ውኃ በመቀየር ብቻ የሚሆን ነገር አይደለም።»

ዓሣ ሻጩ ገንዳውን ሲሸጥልኝ ደጋግሞ ነግሮኛል። የዓሦቹን ቆሻሻ የሚበሉት በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ናቸው፤ ማጣሪያው ስፖንጅ ውስጥ ቀስ እያሉ ነው የሚበዙት። እነሱ እስኪበዙ፣ ውኃው እስኪለምድ፣ የተረፈ ምግብ ሁሉ መርዝ ነው። «በቀን አንዴ፣ አንድ ቁንጥር» አለኝ። «ለሰው እንደፈለግሽ ቸር ሁኚ፤ ለእነዚህ ግን ንፉግ ሁኚ።» ይህን ሁሉ ሰምቼ መጣሁና የማብላቱን ሥራ ለእናቴ ሰጠኋት።

እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ በሕፃናት ማቆያ የሰው ልጅ ስታበላ የኖረች ናት። መርሳት ከጀመራት በኋላ ምድጃውን ከለከልናት፣ የበሩን ቁልፍ ደበቅንባት። እጇ ሥራ ፈትቶ አንዱን ፎጣ ሲያጣጥፍና ሲዘረጋ ይውል ነበር። ዓሦቹ ሲመጡ ከአልጋዋ የምትነሣበት ነገር አገኘች። የእኔ ስም አንዳንዴ ይጠፋባታል፤ የእነሱን ግን አንድም ቀን አልሳተችም። ሙሽሪት፣ ባለጌው፣ ሼባው።

«ጠዋት አጠገቧ ቆሜ ነው ያበላቻቸው» እላለሁ። «አንድ ቁንጥር ብቻ። ከየት መጣ ይሄ ሁሉ መርዝ?»

አባቴ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ይጠርጋል።

«አባዬ?»

«ከቁርስ በኋላ ‹ልጆችሽን አበላሽ ወይ?› አልኳት። እንዲያው ለጨዋታ። ‹ውይ በሞትኩት! ረስቻቸው!› ብላ ስትነሣ… ፊቷን ባየሽው።» ድምፁ ይቀንሳል። «ቅድምም ጠይቄያታለሁ መሰለኝ።»

ልቆጣው እፈልጋለሁ። ግን እኔም ወደ ሥራ ስወጣ በር ላይ ቆሜ እጠይቃታለሁ። ስመለስም እጠይቃታለሁ። ወንድሜም በስልክ የሚያወራት ሲያጣ እሱኑ ነው የሚጠይቃት። ሁላችንም ያን የደስ ደስ ያለውን «አሁን አበላቸዋለሁ!» ለመስማት ነው።

«የምግቡን ቆርቆሮ ደብቂው» ይላል አባቴ።

«አንተ ንገራት እንጂ።»

«እኔ? ጨው በዛበት ብዬ እንኳ ነግሬያት የማላውቀው ሰውዬ?»

እናቴ ቆርቆሮውን በእጇ ይዛ ከመኝታ ቤት ትወጣለች። ገንዳውን አየት ታደርግና እጇን ጉንጯ ላይ ትጭናለች።

«ኧረ ልጆቹ! ምነው፣ እዚህ ቤት ሰው የለም እንዴ? ሲለምኑ ዝም ብላችሁ ታያላችሁ?»

«በልተዋል እማዬ።»

«ማን አበላቸው?»

«አንቺ።»

«እኔ አብልቼማ እንዲህ አይሆኑም። የጠገበ ልጅ አውቃለሁ እኮ፤ ከንፈሩን ገጥሞ ፊቱን ያዞርብሻል።» ክዳኑን መክፈት ትጀምርና ታቆማለች። ጣቷ መስተዋቱ ላይ ከአንዱ ዓሣ ወደ ሌላው ይሄዳል። «ሼባው የታል?»

«ተኝቷል» ይላል አባቴ ቶሎ ብሎ። «እዚያ ከድንጋዩ ጀርባ።»

አባቴ መዋሸት አይሆንለትም፤ ጆሮው ይቀላል። እናቴ ድንጋዩን አላየችም፤ እሱን ነው ያየችው። ብዙ ነገር የጠፋባት ሴት የባሏን ፊት ማንበብ አልጠፋባትም። ከዚያ እኔን ታያለች፤ ብልቃጡን፣ አረንጓዴውን፣ አጠገቤ ያለውን የውኃ ባልዲ።

«እኔ ነኝ?» ትላለች።

«አይደለሽም። ውኃው አዲስ ስለሆነ ነው። አልለመደም።»

«አብዝቼባቸው ነው?»

ብልቃጡን ከጀርባዬ እደብቃለሁ። የደበቅኩትን እጄን ታየዋለች። ክዳኑን መልሳ ጥብቅ አድርጋ ትገጥመዋለች፤ ቆርቆሮውንም መዳፌ ላይ ታስቀምጠዋለች።

«አንቺ ያዢው» ትላለች በቀስታ። «እኔ እረሳለሁ።»

እንዲህ ስትል ሰምቻት አላውቅም። አባቴ መነጽሩን መልሶ ማድረግ ረስቶት በእጁ ይዞታል።

ሌላ የማደርገው ስለሌለኝ ከትናንት ጀምሮ በባልዲ ያኖርኩትን ውኃ እየቀዳሁ ገንዳው ውስጥ አፈስሳለሁ፤ ዓሦቹ እንዳይደነግጡ በሳህን ላይ፣ ቀስ እያልኩ። እናቴ አልሄደችም። ከአጠገቤ ቆማ የማፈስሰውን ታያለች። ባዶ እጇን በሌላው እጇ ይዛዋለች፤ ትለቀዋለች፣ መልሳ ትይዘዋለች። ቀና ስል ፊቷ ላይ የነበረው ሐዘን ደብዝዟል፤ ምን እንደሚያሳዝናት መፈለግ የጀመረች ትመስላለች። ከዚያ ዓይኗ እኔ ላይ ያርፋል።

«አንቺስ? በልተሻል?»

ምሳ አብረን በልተን የተነሣነው አሁን ነው። ሳህኖቹ ጠረጴዛው ላይ ናቸው።

«አልበላሁም እማዬ።»

«ይኸው! ይኸው!» ወገቧ ይቃናል። ወንበር ስባ ትከሻዬን ተጭና ታስቀምጠኛለች፤ ሳህኖቹን ገፋ አድርጋ ዳቦውን ከጨርቁ ታወጣለች። አባቴ ከሶፋው ተነሥቶ ይመጣና ከጎኔ ይቀመጣል።

«እኔም እኮ አልበላሁም» ይላል።

«እናንተ ሰዎች፣ እኔ ባልኖር ምን ልትሆኑ ነው?»

ዳቦውን ጥርስ ላላወጣ ሕፃን እንደሚደረገው አሳንሳ ትቆርሳለች። ቁራሹን አንድ ለእኔ፣ አንድ ለእሱ፣ አንድ ለእኔ፣ አንድ ለእሱ እያለች፣ ሳትቸኩል ፊታችን ትደረድራለች።