ፎቅ ላይ ያለው ድምፅ

ዘፋኙ ከተቀበረ ሳምንት አልፎታል፤ አድናቂዎቹ ግን ከቤቱ ደጃፍ አልተነሱም። አበባ ይዞ የሚመጣ አለ፣ ፎቶውን ደረቱ ላይ ለጥፎ የሚመጣ አለ፣ ባዶ እጁን መጥቶ የሌላውን አበባ ሲያስተካክል የሚውልም አይጠፋም። ሁሉም ያለቅሳሉ። አንዱ ሲደክመው ሌላው ይቀበለዋል።

ከሁሉም የባሰባት አንዲት ፀጉር ሠሪ ነበረች። ሱቋን ከዘጋች ሰነበተች። ደንበኞቿ ሲደውሉ «ሐዘን ላይ ነኝ» ትላለች። «ውይ፣ ማን ሞተብሽ?» ሲሏት ስልኩን ጆሯቸው ላይ ትዘጋለች። መፍረድ ቀላል ነው። ታናሽ እህቷን ቀብራ አልጋ ላይ የቀረች ጊዜ፣ ሐኪምም ዘመድም ያቃታቸውን ሴት ያነሳት የዘፋኙ ድምፅ ነው። አሁንስ ማን ያንሳት? እህል አፏ ውስጥ አልዞር ብሏል።

«ከእንግዲህ ምን ልስማ ብዬ ልነሳ?» ትላለች።

የቤቱ ዘበኛ ደግሞ ልበ ደንዳና ነው። ዘፋኙ ጎረምሳ ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ እዚያ በር ላይ የኖረ ሰው፣ አንዲት ጠብታ እንባ አላወጣም። ጭራሽ ሌላውንም አላስለቅስ ብሏል።

«ኧረ ቀስ! ማልቀስ ያማረው መንገዱን ተሻግሮ ያልቅስ!»

«ምን ዓይነት አረመኔ ነህ አንተ?» አለው አንድ ባለታክሲ። የዘፋኙን ዘፈኖች ከነማጀቢያቸው በቃሉ ስለሚያውቅ «ካሴት» ነው የሚሉት። «ስንት ዓመት አብልቶ አጠጥቶህ!»

«ወደየቤታችሁ ሂዱ» አለ ዘበኛው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ በሩንም ፊታቸው ላይ ዘጋው።

ፀጉር ሠሪዋ ግን አንድ ነገር ልብ ብላለች። ዘበኛው በየጠዋቱ ቁርስ በትሪ ይዞ ወደ ፎቅ ይወጣል። ዘፋኙ ሚስት አላገባ፣ ልጅ አልወለደ። ታዲያ ቁርሱ ለማን ነው?

«ሬሳውን በዓይኑ ያየ አለ?» ብላ ጠየቀች። «ሳጥኑ ተዘግቶ አይደል የተቀበረው?»

«ኧረ ተይ እህቴ፣ አታሳብጂን» አለ ካሴት። በነጋታው ግን ከሁሉም ቀድሞ የመጣው እሱ ነበር።

የዚያን ቀን ጠዋት ዘበኛው ትሪውን ይዞ ገባ። ትንሽ ቆይቶ፣ ሳምንቱን ሙሉ ተዘግቶ ሰንብቶ አሁን ከተከፈተው የፎቁ መስኮት ዘፈን ተሰማ። ደጅ ያለው ሰው ሁሉ ወደ መስኮቱ አንጋጠጠ።

«ቴፕ ነው» አለች አንዷ ቀስ ብላ።

«የቱ ዘፈን ነው?» አለች ፀጉር ሠሪዋ ወደ ካሴት ዞራ።

«እኔ እንጃ» አለ ካሴት። አያውቀውም። ድምፁ መሃል ላይ ተቋረጠ፣ ሳል ተሰማ፣ ከዚያ ከመጀመሪያው ጀመረ። መቼም ቴፕ አይስልም።

ዘፋኙ አንድ አመል ነበረው። ስንኙን ሊጨርስ አንዲት ቃል ስትቀረው ትንፋሽ ይስባል። የሙዚቃ ሰዎች ይተቹበት ነበር፤ አድናቂዎቹ ደግሞ የሚሞቱት ለዚያች ትንፋሽ ነው። ያቺው ትንፋሽ በቦታዋ መጣች።

«አለ!» ብላ ጮኸች ፀጉር ሠሪዋ። «ወይኔ! አልሞተም፣ እሱ ነው!»

ሰው አበደ። የማይተዋወቁት ተቃቀፉ። ካሴት አስፋልቱ ላይ ተንበርክኮ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። የግቢው የትንሿ በር መቀርቀሪያ አልተዘጋም ነበር፤ ፀጉር ሠሪዋ ሾልካ ገባችና ከኋላዋ ቀረቀረችው። «አምላኬ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ልየው፤ ከዚያ የፈለግከውን አድርገኝ» እያለች ደረጃውን በእጇም በእግሯም ወጣችው።

ኮሪደሩ ጫፍ ላይ፣ ገርበብ ካለ በር ፊት፣ ኮፍያውን በእጁ ይዞ ዓይኑን ጨፍኖ የሚዘፍነው ዘበኛው ነበር።

ግድግዳውን ተደግፋ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ሰውየው ለሁለተኛ ጊዜ ሞተባት።

ዘበኛው ሲያያት ዘፈኑን ቶሎ ጨርሶ አጠገቧ ተንበረከከ።

«በፈጠረሽ አትጩሂ» አለ በሹክሹክታ። «ውስጥ ያሉት እናቱ ናቸው። ዓይናቸው አያይም፣ ከአልጋም አይወርዱም። እሱ ሥራ ሊሄድ ሲል እዚህ ቆሞ ይቺን ይዘፍንላቸው ነበር፤ ለሌላ ለማንም ዘፍኗት አያውቅም። እኔ ከታች ስሰማ ኖሬ ከነትንፋሹ ያዝኳት። አሁንም እሷን ሳይሰሙ እህል አይቀምሱም። ሞተ ብዬ እንዴት ልንገራቸው? ንገሪኝ እስቲ፣ እንዴት ብዬ?»

«የደጁስ ለቅሶ?»

«ወደውት ነው የሚጮሁት ብያቸዋለሁ።»

ከታች በሩ መደብደብ ጀመረ። «አውጡልን! እንየው!» ይላል ሕዝቡ። የዘበኛው ፊት አመድ መሰለ።

«ግቢና አጫውቺያቸው፤ የሥራ ባልደረባው ነኝ በይ። እኔ እነዚህን ዝም ላሰኝ» ብሎ ወደ ደረጃው ሮጠ።

ገባች። አሮጊቷ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ቁርሱ ጭናቸው ላይ ነው፤ አልተነካም።

«ማነሽ የኔ ልጅ?»

«የልጅዎ... የሥራ ባልደረባው ነኝ እማማ። እሱ አሁን ወጣ። ቸኩሎ ነው።»

«ቁጭ በይ» አሉና እጇን ዳብሰው ያዙት። የዘበኛው ኮቴ ከደረጃው እስኪጠፋ ድረስ ጆሯቸውን አቁመው ጠበቁ። ከዚያ ወደ ራሳቸው ሳቧት።

«ልጄ መሞቱን እንደማውቅ ለዘበኛው እንዳትነግሪው» አሉ ቀስ ብለው። «መዝፈኑን ካቆመ እሱም ይሞትብኛል።»