ፍየሎቹ የላሱት ግድግዳ

የወይዘሮ ተናኘ ጣሪያ ደጋግሞ ቢደፈንም ማፍሰሱን አልተወም። የዓመት ቀለቧ ማሽላ በየጆንያው ሊበሰብስባት ነው። ደፋኙ ጎረቤቷ ይስማው ነው፤ እጁ እንደ ምላሱ ቢፈጥን ኖሮ በሰቆጣ የሚያፈስ ቤት ባልተገኘ ነበር።

«ተይ አታማርሪ፣» አላት ስልኩ ላይ ዜናውን እያሳያት። «ባሕር ማዶ አውሎ ነፋስ የአንድ ደሴት ቤቶችን ሁሉ ጣሪያ ገፎ በባሕር ውሃ አጥለቅልቋቸዋል። ያንቺ አንዲት ቀዳዳ ናት።»

«የሰው መከራ ለስንፍናህ መሸፈኛ አይሁን! ውጣና ድፈናት።»

እያጉረመረመ በመሰላሉ ወጣ።

«ቆርቆሮው ደረቅ ነው፤ ደመናም የለ!» ብሎ ጮኸ።

ከውስጥ ግን ጠብታው ቀጠለ። ፍየሎቿ ተጋፍተው ገብተው የረጠበውን ግድግዳ ይልሱ ጀመር፤ ብትመታቸውም አንወጣም አሉ።

«ምን አገኛችሁበት፣ እናንተ ቀላዋጮች?» ብላ ጠብታውን በጣቷ ቀመሰችው። ጨው ጨው ይላል።

የባሕር ማዶው ዜና ትዝ አላት። ሮጣ ወጥታ መሰላሉን በሁለት እጇ ጨበጠች።

«ይስማው፣ ይቅር ተወው፤ ውረድ! መሰላሉን ይዤልሃለሁ።»

«የቱን መሰላል?» አለ ከላይ። «የባሕሩ ውሃ ወሰደው እኮ!»