የሳጥኑ ጠባቂዎች

የእናቶች ክሊኒኩ የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ ሰው አታምንም። የእርሳስ መሳቢያዋን ሳይቀር ስለምትቆልፍ ሠራተኛው ሁሉ «እትዬ ቁልፍ» ይላታል፤ እሷም ስሙን እንደ ሹመት ይዛዋለች።

ከሁሉ አብልጣ የምትሳሳው ጥግ ላይ ለተቀመጠው ጥቁር ሳጥን ነው። መጠባበቂያ ሰርቨር ይሉታል። ዋናው ማሽን ላይ ያለው የአሥራ አንድ ዓመት የእናቶች ካርድ፣ የማን ደም ምን ዓይነት እንደሆነ፣ የትኛው መድኃኒት ለማን እንደማይስማማ፣ ሁሉም በየቀኑ ከሰዓት እዚያ ይገለበጣል። ሳጥኑ የሦስት ሳምንት ቅጂ ይይዛል፤ ከዚያ ያረጀውን ራሱ ይጥላል።

ድሮ ወደ ሳጥኑ የሚገባ ሁሉ፣ ሰውም ይሁን ማሽን፣ ስሙ እዚያው ሳጥኑ ውስጥ ነበር የሚመዘገበው። ከወር በፊት ግን ትእዛዝ መጣ፦ የግል ዝርዝር ይቅር፣ ሳጥኑ የሰው ኃይል አስተዳደር ዘንድ ያለውን የሠራተኞች ማውጫ እየጠየቀ ያስገባ። ሥራ የለቀቀ ሰው ከማውጫው ሲሰረዝ በሩ ሁሉ አብሮ ይዘጋበታል።

እትዬ ቁልፍ ደስታዋን አልቻለችውም። የድሮውን ዝርዝር ከፈተች፤ አሥራ ሦስት ስም። አሥራ ሁለቱን ታውቃቸዋለች። አሥራ ሦስተኛውን አይታው አታውቅም፤ እሱ ሆዬ በየቀኑ ከሰዓት ሲገባ ኖሯል።

«ወይ ጉድ! ይሄ ደግሞ ከየት የበቀለ ነው?»

«እትዬ፣ እሱን ሳናጣራ ባናጠፋውስ?» አለ አዲሱ ቴክኒሻን በቀስታ። ሲናገር በቀስታ፣ ሲራመድም በቀስታ ነው፤ በሆዷ «ድመቱ» ትለዋለች።

«ምነው፣ ዘመድህ ነው?» አለችና አሥራ ሦስቱንም በአንድ ጊዜ ጠረገቻቸው።

ወዲያው ሰው አስተዳደር ደወለች። «ማውጫው ላይ ‹ጠባቂዎች› የሚል ቡድን ፍጠርልኝ። እኔና ቴክኒሻኑ እንግባበት።»

«እሱማ ድሮም አለ።»

«ካለማ ግልግል! ጨምረን።»

ሳጥኑንም «ከጠባቂዎች በቀር ማንንም እንዳታስገባ» ብላ አዘዘችው፤ ለቡድኑ አጭር መመሪያ ላከች፤ እጇንም አራገፈች። ከዚያ ወዲህ ከሰዓቱን ሙሉ ሲያቃስት ይውል የነበረው ሳጥን ጸጥ አለ። «ሸክሙ ቀለለለት፣ የእኔ ጌታ» አለች እየደባበሰችው።

በአራተኛው ሳምንት ማን እንደገባ የሚያሳየውን ዝርዝር ብትከፍት ክው አለች። 417 የሚባል የሠራተኛ ቁጥር በየቀኑ በምሳ ሰዓት ይገባል፣ ሦስት ደቂቃ ይቆያል፣ ይወጣል። የድመቱ ቁጥር 530 ነው። «ታዲያ ሌባ በራሱ ቁጥር ይገባል እንዴ?» አለች ለራሷ።

በምሳ ሰዓት ድመቱም ከክፍሉ ይጠፋል። ተከተለችው። ደረጃው ሥር ቆሞ በስልክ ያንሾካሹካል።

«ዛሬም እገባለሁ አልኩሽ። አንቺ ብቻ ለማንም ትንፍሽ እንዳትይ።»

እየበረረች የክሊኒኩ ኃላፊ ዶክተሯ ቢሮ ገባች።

«ሳጥናችን ውስጥ ሌባ አለ! ቅጂውን ነካክቶት ከሆነ አለቀልን!»

ዶክተሯ ሰዓቷን አየች። «አሮጌው ዋና ማሽን ዛሬ በስምንት ሰዓት ይደመሰሳል። አዲሱ የሚሞላው ከአንቺ ሳጥን ነው። የአሥራ አንድ ዓመት እናቶች እኮ ናቸው! ሌባ ካለ ንገሪኝ፣ ላስቁመው። ከሌለ እሺ በይኝ። በባዶ ሜዳ ካስቆምሽኝ ግን አንቺኑ ነው ከማውጫው የማሰርዝሽ።»

ሰው አስተዳደር ያለ ደብዳቤ ስም አይናገርም። ዶክተሯ ፈረመች። መልሱ ለስምንት ሩብ ጉዳይ ሲል መጣ፦ 417 የበሩ ጥበቃ ኃላፊ ናቸው።

እትዬ ቁልፍ ድመቱን በእጅጌው እየጎተተች ወደ በሩ ወረደች። «ግብረ አበርህን ፊት ለፊት ታየዋለህ!»

ሽማግሌው የመግቢያ ሰዓት የሚሞሉበት ኮምፒውተር ፊት ተቀምጠዋል።

«አባባ! እርስዎ ምን ቆርጦዎት ነው ከእኔ ሳጥን የሚገቡት?»

«አንቺው አይደለሽ እንዴ ያዘዝሽን?» አሉና መልእክቷን አሳዩዋት። ‹ለጠባቂዎች በሙሉ፦ በየቀኑ አንድ ጊዜ ገብታችሁ ሳጥኑን እዩ። ያያችሁትን መዝግቡ።› «ልጆቹ ሰንፈው ተዉት። እኔ ግን ትእዛዝ ትእዛዝ ነው።»

ድመቱ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «እትዬ፣ አንቺ የመጠባበቂያውን ጠባቂዎች ብለሽ፣ ቡድኑ ለካ የዘበኞቹ ኖሯል!»

«ዝም በል አንተ! ደረጃ ሥር እገባለሁ የምትለው የት ነው?»

«መንጃ ፈቃድ ትምህርት ነው። ሁለቴ ወድቄ አፍሬ ነው፤ ለእህቴ ብቻ ነው የነገርኳት።»

ሽማግሌው ደብተር አወጡ። እትዬ ቁልፍ ነጥቃ የመጨረሻውን ገጽ ገለጠች። ሰባት ቀን፣ ሰባት መስመር፣ ጽሑፉ ልቅም ያለ፦ ገባሁ። አየሁ። ምንም የለም።

ሳቋ ግቢውን ሞላው። እንባዋን እየጠረገች ስልኳን አነሳች። «ዶክተር፣ ሌባም የለ፣ ምንም የለ! ሰላም ነው፣ ደምስሱት!»

ስልኩን ሳትዘጋ ጠበቀች። ድመቱን ጉንጩን ሳመችው፤ «ይቅር በለኝ፣ የእኔ ልጅ፣ በሆዴ ስንት ጊዜ አሳስሬሃለሁ» አለችው። በመጨረሻ የዶክተሯ ድምፅ መጣ፤ «አለቀ፣ ተደምስሷል።»

«የበሩንማ ‹ሰላም ነው› ብዬ ነው የምጽፈው፣ ልጄ» አሉ ሽማግሌው ደብተራቸውን እየተቀበሏት፤ «ምንም የሌለው ሳጥኑ ውስጥ ነው።»