የወንፊቱ ገመድ

ሙሉ ቅዳሴ ቆማ የምታስቀድስ ሴት፣ ቆማ እህል መንፋት እንዴት ያቅታታል? ዳኛው ሀብትነሽን የጠየቋት ይህንን ነው።

ግራ እግሯ ከልጅነቷ ጀምሮ የሰለለ ነው። እናቷ ወይዘሮ ይርጋነሽ ግን ይህን በአፏ አንስታው አታውቅም፤ ቀሚሷን ብቻ አስረዝማ ታሰፋላት ነበር። የሀብትነሽ ባል ለብሔራዊ ውትድርና ሲወሰድ፣ እናቷ ሕፃኑን ልትይዝላት ከሞጣ ወደ ብቸና መጣች። ከእህል መጋዘኑም ያስገባቻት እሷው ናት፤ ኃላፊው ዘንድ ሄዳ፣ ለምና።

በመጋዘኑ ትልቁ ወንፊት ከጣሪያው ወራጅ ላይ በገመድ ይንጠለጠላል። ሁለት ሁለት ሴቶች ቆመው ይወዘውዙታል። ሀብትነሽ የምትነፋው ከባንቺዓለም ጋር ነበር። በቤተ ክርስቲያንም ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ነው የሚቆሙ።

ከወለደች ወዲህ እግሯ ባሰባት። ኃላፊው ዘንድ ገባች።

«ጓድ ኃይለ ሚካኤል፣ ገመዱ ትንሽ ቢረዝምልኝ በርጩማ ላይ ተቀምጬ እነፋለሁ። ሥራዬ አይጎድልም።»

«ዛሬ ላንቺ ገመድ ባስረዝም፣ ነገ ሌላዋ አልጋ ታስገባልኛለች!» አላት። ተሸካሚዎቹ ሳቁ።

«እግሬን እኮ እያዩት ነው።»

«ሙሉ ቅዳሴ እንደምትቆሚ በማርያም የማለችልኝ ሴት አለች። አታሞኚኝ።»

«ማን ናት?»

«አደራ ብላኛለች፤ ስሟን አልጠራም።»

ሳምንት ሳይቆይ አሰናበታት።

እቤት ስትገባ እናቷ ለሕፃኑ አጥሚት ታጠጣ ነበር። ነገሩን ስትሰማ ማንኪያው አየር ላይ ቀረ።

«ተይው ልጄ። ከሰው አትጣይ።»

«ባንቺዓለም ናት፣ እማዬ! ቅዳሴ ላይ አጠገቤ ሌላ ማን ይቆማል?»

እናቷ የሕፃኑን አፍ ጠረገች።

ሀብትነሽ ግን አልተወችውም። ሥራው ከሌለ ሕፃኑ ምን ይበላል? ኃላፊውን ከሰሰች። የቀጠሮው ቀን እናቷ «ሕፃኑን ማን ይይዘዋል?» ብላ እቤት ቀረች።

ባንቺዓለም ከፍርድ ሸንጎው ደጅ ጠብቃ እጇን ያዘቻት።

«ሀብቴ፣ እኔ ልመስክርልሽ። ቅዳሴውን የምትቆሚው በኔ ትከሻ እንደሆነ ልንገራቸው። እስኪደነዝዘኝ ተደግፈሽኝ የለ?»

«የምትናገሪውን ተናግረሽ ጨርሰሻል» አለችና እጇን ነጠቀቻት።

ዳኛው አካለ ወልድ ያቺን ጥያቄ ጠየቁ። ከታዳሚው መካከል የደብሩ ቄሶች ተቀምጠዋል። ሀብትነሽ አፈረች።

«በማርያም ቤትማ እቆማለሁ» አለች ቀስ ብላ።

ሰው ሁሉ አጉረመረመ።

«ምስክር አለሽ?»

ከኋላ ባንቺዓለም ብድግ አለች። ሀብትነሽ ዞር ብላ አየቻትና፣ «የለኝም» አለች።

ተፈረደባት።

ብቸና ላይ የምትበላው ስላልነበራት፣ እናቷ ወደ ሞጣ ልትወስዳት ጓዟን ጠቀለለች። መነኸሪያው ላይ የሞጣው መኪና ሞተሩን አስነስቶ ሰው ይጠራል። ባንቺዓለም እየሮጠች መጣች፤ ለሕፃኑ ብላ የጋገረችውን ዳቦ ይዛለች። ሀብትነሽ ፊቷን አዞረችባት። ባንቺዓለም ዳቦውን ከጓዙ ላይ አስቀመጠች፣ የሕፃኑን እግር ሳመችና ተመለሰች።

እናቷ በዓይኗ ሸኘቻት። ከዚያ ነጠላዋን አፏ ላይ ጠምጥማ ማልቀስ ጀመረች።

«ምነው እማዬ?»

«ኃላፊውን ሥራ እንዲሰጥሽ ስለምነው፣ ሙሉ ቅዳሴ ትቆማለች ብዬ በማርያም የማልሁለት እኔ ነኝ፣ ልጄ» አለቻት፤ መኪናው ይጮኻል፣ ባንቺዓለም ከማዞሪያው ልትሰወር ነው፤ እስቲ ምከሯት፣ ሀብትነሽ በዚያ እግሯ እንዴት ሮጣ ትድረስባት?