የተበሳው በርሜል

መለሰ ከጥጥ እርሻው ካምፕ ጀርባ ጉድጓድ ሲቆፍር ዋለ። የካምፑ ቤቶች ተቀብተው የተረፈውን አረንጓዴ ቀለም በአሸዋ ለውሶ ጉድጓዱ ውስጥ ጨመረው። የተባይ መርዝ የነበረበትን በርሜል ደግሞ ከግርጌው ሦስት ቦታ በዶማ በሳው፤ ደህናው ከተቀበረ ሰው አውጥቶ ውሃ ያጠራቅምበታላ! ወደ ጉድጓዱ ሲገፋው ቀለም የነካው መዳፉ በርሜሉ ጎን ላይ ታተመ። አፈር መልሶ ጠቀጠቀበት። ዓመቱን ሙሉ ሥራው ይኸው ነው፤ መርዝ መቅበር።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ወገቡን ይዞ ቤቱ ደረሰ። ደጃፉ ላይ በርሜል ቆሟል።

«ማን ነው ያመጣው?» አለ።

ሚስቱ ውባንች ሳቀች። «አንተው ነሃ! ቀትር ላይ አምጥተህ፣ ውሃ ሞልተህልኝ ሄድክ። ምነው፣ ፀሐይ መታህ እንዴ?»

ቀትር ላይ ጉድጓዱ ውስጥ ነበር።

በርሜሉ ጎን ላይ አረንጓዴ መዳፍ አለ። መለሰ እጁን ገጠመበት፤ ልክ ነው። ጎንበስ ብሎ ግርጌውን ዳበሰ። ሦስቱም ቀዳዳዎች አሉ። በርሜሉ እስከ አፉ ሙሉ ነው፤ ከሥሩ ያለው አፈር ግን ደረቅ ነው።

«በል እንካ፣ ደክሞሃል» አለችው ውባንች፣ በጣሳ ቀድታ እየሰጠችው። «እኔስ ከቀትር ጀምሮ ስጠጣ ነው የዋልኩት።»