ቀኝ እጅ

«ቀኝ እጅዎን ነው፣ እናቴ» አለ መታወቂያ መዝጋቢው የአሻራ ማንበቢያ ማሽኑን መስታወት እያሳያት። ማናዬ ግን ግራ እጇን ዘርግታ ነበር የቀረበችው። በማታ ትምህርት ማንበብ ከቻለች ወዲህ የዮሐንስን ራእይ በጣቷ እየተከተለች ጨርሳዋለች፤ የአውሬው ምልክት ቀኝ እጅ ላይ እንደሚደረግ በገዛ ዓይኗ አይታለች። መታወቂያው ከሌለ ደግሞ የጎፋ ሱቋን ፈቃድ ማደስ አትችልም። ከኋላዋ የተሰለፈችው ጴንጤዋ ጎረቤቷ ሶፊ ሳቀች። «ምን ያስፈራሻል? ሐሳዊ መሲህ ሳይመጣ እኛ ተነጥቀን እንሄዳለን!»

«እናንተ ሂዱ! እኛ ሄኖክና ኤልያስ እስኪመጡ እዚሁ እንጠብቃለን» አለች ማናዬ። አማትባ ቀኝ እጇን መስታወቱ ላይ አሳረፈች። ማሽኑ ቀይ አበራ። ብትደግምም ቀይ። ዕድሜ ልኳን ልብስ ያጠበችበት እጅ አሻራው ጠፍቷል።

«ይኸው፣ አውሬውም አልፈለገሽም!» አለች ሶፊ፤ ሰልፈኛው በሳቅ ፈነዳ። መዝጋቢው እየሳቀ «ቅባት ቢጤ ካለዎት ይቀቡት፣ ያነባል» አላት። ማናዬ ቦርሳዋን ፈተሸች። ከብስራተ ገብርኤል ያመጣችው ቅባ ቅዱስ እንጂ ሌላ ቅባት አልነበራትም። ትንሽ አሰበችና ፊቷ ፈካ። ቅባ ቅዱስ በነካው ጣት ላይ ማን ምልክት ያደርጋል? ጣቶቿን ቀብታ ብታሳርፋቸው አረንጓዴ በራ። ጠርሙሷን ልትከድን ስትል፣ በቅባት የማታምነው ሶፊ ቀኝ እጇን ዘረጋች። «ለእኔም ጠብ አድርጊልኝ» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ፤ «ጣቴ ደረቅ ስለሆነ ነው እንጂ ሌላ አይደለም።» ማናዬ አምስቱንም ጣት ቀባቻት።